«ማን አበላሸው?» ወይስ «ምን ተለወጠ?»

በየዓመቱ በሚወጣው በዚህ መጽሔታችን ላይ ስለ ፍቅረ ሀገር፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀም፣ ስለ ንባብ ጥቅምና ስለ መልካም ጠባይ የሚጽፉ ጓደኞቼ ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ዘንድሮ ስለ አንድ ትንሽ ነገር፣ ይኸውም በክበባችን ላፕቶፖች ላይ ስለ ደረሰው የዋይፋይ መጥፋት፣ የመሰለኝን አስተያየት ለመግለጽ ብዕሬን አንሥቻለሁ። ነገሩ በመጀመሪያ ሲያዩት የመሣሪያ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን በእርሱ ምክንያት አንድ ልጅ ያለ ጥፋቱ ተወቅሷል፤ በላቦራቶሪያችን በር ላይም እኔ ስሕተት ነው የምለው ማስታወቂያ ተለጥፎ እስከ ዛሬ ይታያል። ስለዚህ ታሪኩን እንደ ሆነው አድርጌ ከተናገርሁ በኋላ አሳቤን አቀርባለሁ።

የኮምፒዩተር ክበባችን ስምንት አሮጌ ላፕቶፖች አሉት። ስምንቱም የሚሠሩት ደቢያን በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ነው። ይህንንም የመረጥነው ያለ ዋጋ ስለሚገኝ፣ አሮጌ መሣሪያንም ስለማይንቅ፣ ከሁሉም ይልቅ ውስጡ ለመመርመር ለሚወድ ተማሪ ክፍት ስለሆነ ነው። የሊኑክስን ከርነል፣ ማለት የሥርዐቱን አስኳል፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ዓ.ም. መጻፍ የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ራሱ በዚያን ጊዜ በፊንላንድ አገር በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የ21 ዓመት ወጣት ነበር። እንግዲህ ተማሪ የጀመረውን ነገር ተማሪ ሊፈራው አይገባም ብዬ አምናለሁ።

በ2017 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ አንድ ዐርብ ማታ፣ የዕለቱ ተረኛ የነበረ የ9ኛ ክፍል ልጅ «የሚታደስ ነገር አለ» የሚል መልእክት በእስክሪኑ ላይ ቢያይ፣ ወደ እኛ ወደ ታላላቆቹ መጥቶ «ላድሰው ወይ?» ብሎ ጠየቀ። እኛም የያዝነውን ጨዋታ ሳናቋርጥ «አድሰው» አልነው። ልጁም እንደ ታዘዘው ስምንቱንም አንድ በአንድ አድሶ፣ አጥፍቶ፣ በሩን ቈልፎ፣ ቁልፉን አስረክቦ ሄደ።

ሰኞ ጧት ላፕቶፖቹ ሲከፈቱ የዋይፋዩ ምልክት ከስምንቱም ላይ ጠፍቶ ተገኘ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. ለአንዳንድ ተማሪዎች በኮምፒዩተር ተሰጥቶ ስለ ነበር፣ የእኛም ታላላቆች ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት እየመጡ ጣታቸውን ያለማምዱ፣ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችንም ይመለከቱ ነበር። በዚያን ዕለት ግን እንደ መጡ ተመለሱ። ጩኸቱም ወዲያው ተነሣ። «ማን ነካው?» «ማን አበላሸው?» ተባለ። የተረኞች መዝገብ ተገለጠ፤ የልጁም ስም ተገኘ። የላቦራቶሪው ጠባቂ ጋሼም «ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው» አሉ። ልጁ ከተረኝነት ተሰረዘ፤ በሩም ላይ «ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም ተማሪ ኮምፒዩተር ማደስ በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። እኔ ይህ ሁሉ ሲሆን ቆሜ እመለከት ነበር። «አድሰው ያልነው እኛ ነን» ለማለት እንኳ አፌን አልከፈትሁም።

በማግሥቱ የኮምፒዩተር መምህራችንን አስፈቅጄ ከስምንቱ አንዱን ይዤ ተቀመጥሁ። መምህራችን ሁልጊዜ «ከውጭ ወደ ውስጥ መርምሩ፤ በአንድ ጊዜም ከአንድ ነገር በላይ አትለውጡ» ይሉናል። ስለዚህ በመጀመሪያ ራውተሩን ተመለከትሁ። የመምህራን ስልኮች በእርሱ ይገናኙ ስለ ነበር እርሱ ጤነኛ እንደ ሆነ ተረዳሁ። በሁለተኛ ደረጃ፣ ዋይፋዩ በማብሪያ ማጥፊያው ተዘግቶ እንደ ሆነ ለማወቅ አርኤፍኪል የሚባለውን ትእዛዝ ሰጠሁ። ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ መዘጋቱን ይነግረኝ ነበር፤ እርሱ ግን የዋይፋዩን ስም ከነጭራሹ አላነሣም። በሦስተኛ ደረጃ፣ የዋይፋይ ካርዱ ሞቶ እንደ ሆነ ለማየት፣ በላፕቶፑ ውስጥ ያሉትን ካርዶች የሚቈጥረውን ኤልኤስፒሲአይ የሚባለውን ትእዛዝ ሰጠሁ። ካርዱ በስሙ ተጽፎ ወጣ፤ ስለዚህ አልሞተም። ነገር ግን በሌሎቹ ካርዶች ሥር በሥራ ላይ ያለውን ድራይቨር የሚናገር መስመር ሲገኝ፣ በእርሱ ሥር ያ መስመር አልነበረም። እዚህ ላይ ነገሩ ጠበበልኝ። መሣሪያው አለ፤ መሣሪያውን ከከርነሉ ጋር የሚያገናኘው ድራይቨር ግን የለም።

በአራተኛ ደረጃ የከርነሉን ቍጥር ጠየቅሁ። በደብተሬ ላይ ቀደም ሲል 6.1.0-26 ብዬ የጻፍሁት አሁን 6.1.0-27 ሆኖ አገኘሁት። በመጨረሻም ዲኬኤምኤስ የሚባለውን ፕሮግራም ሁኔታውን ጠየቅሁት። እርሱም ለ26ኛው ከርነል ድራይቨሩ ተሠርቶ እንደ ተተከለ መለሰልኝ፤ ስለ 27ኛው ግን አንዲት ቃል እንኳ አልተናገረም።

ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ለማያውቅ አንባቢ በምሳሌ ላስረዳ። ከርነልን እንደ ሰው አካል ብንቈጥረው፣ ድራይቨር በአካሉ ልክ የተሰፋ ልብስ ነው። አብዛኞቹ የሊኑክስ ድራይቨሮች በከርነሉ ውስጥ የሚኖሩ ስለ ሆኑ አካሉ ሲያድግ አብረው ያድጋሉ። አንዳንድ ባለፋብሪካዎች ግን የድራይቨራቸውን ምስጢር ሙሉ በሙሉ ስለማይገልጹ፣ ድራይቨራቸው ከከርነሉ ውጭ ለብቻው ይቀመጣል። የእኛም ላፕቶፖች የዋይፋይ ካርድ ከዚህ ወገን ነው። እንዲህ ያለው ልብስ፣ ከርነሉ ከ26 ወደ 27 እንደ ተሻገረው ሁሉ በተሻገረ ቍጥር፣ እንደ ገና መሰፋት አለበት። ይህን የሚሰፋው ዲኬኤምኤስ ነው፤ የዴል ኩባንያ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. ያወጡት ፕሮግራም ነው። ሰፊው ትጉህ ስለ ሆነ አዲስ ከርነል ሲመጣ ማንም ሳያዝዘው ተነሥቶ ይሰፋል። ነገር ግን የትኛውም ሰፊ ቢሆን ልክ ሳይሰጡት አይሰፋም። ልኩ የተጻፈበት ወረቀት የከርነል ሄደር የሚባለው ጥቅል ነው። ያ ጥቅል በላፕቶፖቹ ላይ አልነበረም።

ታዲያ ወዴት ሄደ? ደቢያን የተተከለውንና የተነቀለውን ጥቅል ሁሉ ከነቀኑና ካዘዘው ተጠቃሚ ስም ጋር በመዝገብ ይጽፋል። መዝገቡን ከፈትሁ። የልጁ የዐርብ ማታ ሥራ ከላይ እስከ ታች ተጽፎአል፤ አንድ ነገር እንኳ አልነቀለም። ወደ ኋላ ተመልሼ የቀደመውን ወር መዝገብ ስገልጥ ግን፣ ሄደሮቹ በጥቅምት ወር እንደ ተነቀሉ አነበብሁ። አዛዡ ተጠቃሚ እኔ ነበርሁ።

በዚያች ሰዓት ፊቴ እንዴት እንደ ጋለ ለመናገር አልችልም። ነገሩ ወዲያው ትዝ አለኝ። በጥቅምት ወር የላፕቶፖቹ ዲስኮች ሞልተው ስለ ነበር፣ እኔ እንደ ዐዋቂ ሆኜ «ይህ ምን ይሠራል?» እያልሁ የማላውቃቸውን ጥቅሎች ከስምንቱም ላይ ነቅያለሁ። በማግሥቱ ዋይፋዩ እንደ ወትሮው ስለ ሠራም ጥፋት መሥራቴን አላወቅሁም። ለ26ኛው ከርነል የተሰፋው ልብስ ቀድሞ ተሰፍቶ ስለ ነበር፣ የልኩ ወረቀት መጣል በዚያን ቀን ማንንም አልጐዳም። ጥፋቱ አዲሱ ከርነል እስኪመጣ ድረስ ተደብቆ ቆየ። ሲመጣም በእኔ ላይ ሳይሆን በዚያ ልጅ ተራ ላይ ወደቀ።

መድኃኒቱ ከበሽታው ይልቅ ቀላል ነበር። ደቢያን አዲስ ከርነል ሲያስገባ የቀደመውን ወዲያው አይጥለውም። ላፕቶፑ ሲነሣ በሚታየው የግራብ ዝርዝር ውስጥ ገብቼ 26ኛውን ከርነል መረጥሁ፤ ዋይፋዩም ወዲያው መጣ። በዚያው ዋይፋይ የ27ኛውን ሄደር፣ ደግሞም ወደፊት ከየከርነሉ ጋር ሄደሩ አብሮ እንዲመጣ የሚያደርገውን ጥቅል ተከልሁ። ሰፊው ልኩን ሲያገኝ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሥራውን ጨረሰ። ላፕቶፑን አጥፍቼ በ27ኛው ከርነል ባስነሣው ምልክቱ በቦታው ተገኘ። እንግዲህ አዲሱን ከርነል ከችግር ያወጣው አሮጌው ከርነል መሆኑን ልብ ይሏል። ስምንቱም ላፕቶፖች ከምሳ ሰዓት በፊት ዳኑ።

ከዚያ በኋላ የቀረው ሥራ ግን ከትእዛዝ መጻፍ ይልቅ የከበደ ነበር። ወደ ጠባቂው ሄጄ «ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኋቸው። እርሳቸውም መዝገቡን እስካሳያቸው ድረስ ጓደኛዬን ለማዳን የምዋሽ መስሎአቸው ነበር። ባዩ ጊዜ ጥቂት ዝም ብለው «ይህን ለእኔ መንገርህ ደግ ነው፤ ለልጁስ ነግረኸዋል?» አሉኝ። ልጁን ፈልጌ በእረፍት ሰዓት በቤተ መጻሕፍቱ አጠገብ አገኘሁት። ሁሉንም ነገርሁት። አልተቈጣም፤ «እኔ ግን እናንተን ጠይቄ ነበር» ብሎ ብቻ መለሰልኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ወደ ክበቡ አልተመለሰም።

አሁን ወደ አሳቤ ልመለስ። ላፕቶፖቹ ድነዋል፤ ማስታወቂያው ግን ከበሩ ላይ አልተነሣም። «አንድ ጊዜ የደረሰብን ይበቃናል፤ ሳይታደስ የቆየ አይበላሽም» የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። ንግግራቸው ከቅን ልብ የመነጨ መሆኑን ዐውቃለሁ። በተለይ የፈተና ዝግጅታቸው የተሰናከለባቸው ታላላቆቻችን ቢያዝኑ ፍርድ አለባቸው። ነገር ግን ይህ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንደ ተባለው ነው። ላፕቶፑን ያሳመመው ማደስ ሳይሆን ሳያውቁ መንቀል ነውና።

ደግሞስ አለማደስ ከጥፋት ያድናልን? እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. ደርቲ ካው የሚል ስም የተሰጠው ጕድለት በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ተገኘ። ጕድለቱ ተራ ተጠቃሚ የአስተዳዳሪን ሥልጣን እንዲነጥቅ የሚያስችል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በከርነሉ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. ማቲ ቫንሆፍ የተባለው ተመራማሪ ፍራግአታክስ ተብለው የተጠሩትን የዋይፋይ ጕድለቶች ገለጸ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ዋይፋይ ሲፈጠር፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም.፣ አብረው የተፈጠሩ ነበሩ። የሊኑክስ ሠሪዎች ለሁለቱም መጠገኛ አወጡ። መጠገኛው ግን የሚጠቅመው ለሚያድስ ሰው ነው። በራችን ላይ «ማደስ ክልክል ነው» ብለን ከጻፍን ለሌባ በሩን ክፍት ትተን ለዘመድ እንደ መዝጋት ይሆናል።

እርግጥ ነው፤ ማደስ ሁልጊዜ ያለ ችግር ያልፋል ብዬ አልከራከርም። የሊኑክስ ከርነል ሠሪዎች ተጠቃሚው የሚሠራባቸውን ፕሮግራሞች ላለማሰናከል ይጠነቀቃሉ፤ ከከርነሉ ውጭ ለሚኖሩ ድራይቨሮች ግን ውስጡን ሳንለውጥ እናቆይላችኋለን የሚል ቃል አልገቡም። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. የወጣው 5.6 ከርነል አይኦሪማፕ ኖካሽ የሚባለውን የቆየ የውስጥ አሠራር አስወገደ። በዚህም ምክንያት በእርሱ ይጠቀሙ የነበሩ የውጭ ድራይቨሮች ሄደሩ እያለላቸው እንኳ እስኪታረሙ ድረስ አልሰፋ ብለው ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ በአሮጌው ከርነል እየሠሩ የድራይቨሩን እርማት መጠበቅ ብልኅነት ነው። በአዳዲስ ላፕቶፖችም ላይ ሴኪዩር ቡት የሚባለው ጥበቃ ፊርማ የሌለውን ድራይቨር አላስገባም የሚልበት ጊዜ አለ፤ በዚያን ጊዜ ልብሱ ተሰፍቶ ሳለ በበር ላይ የተከለከለ ነውና መድኃኒቱ ሌላ ነው። ስለዚህ ምክንያቱን ሳይለዩ ከመጽሐፍ ወይም ከጓደኛ ያገኙትን ትእዛዝ ሁሉ መሞከር አይበጅም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና።

እኔ እንደሚመስለኝ ትልቁ ስሕተታችን በዚያች ሰኞ ጧት በመጀመሪያ የጠየቅነው ጥያቄ ነው። «ማን አበላሸው?» ብለን ጠየቅን፤ መልሱንም በአምስት ደቂቃ ውስጥ አገኘን፤ መልሱም ሐሰት ነበር። «ምን ተለወጠ?» ብለን ብንጠይቅ ኖሮ ከርነሉ እንደ ተለወጠ፣ ድራይቨሩ እንዳልተሰፋ፣ ሄደሩም እንደ ተነቀለ በተራ እናገኝ ነበር። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ጊዜ ይፈልጋል፤ ነገር ግን እውነተኛውን ሰው ሳይቀር የሚያወጣው እርሱ ነው። ከዚህም በላይ፣ «ማን?» የሚለው ጥያቄ ጥፋተኛውን ዝም ያሰኘዋል። እኔ ራሴ ዝም ያልሁት ጥያቄው ስላስፈራኝ ነው። «ምን?» ተብሎ ቢጠየቅ ግን የማውቀውን ለመናገር የምቀድም እሆን ነበር ብዬ አስባለሁ። ይህን የምለው ጥፋቴን ለማቅለል አይደለም፤ ነገ በእኔ ቦታ የሚቆም ሌላ ተማሪ ስለሚኖር ነው።

ስለዚህ የክበባችን መሪዎችና መምህራኖቻችን ፈቃዳቸው ቢሆን፣ ማስታወቂያው ተነሥቶ በምትኩ የሚከተሉት አራት ነገሮች እንዲጻፉ በትሕትና አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ አዲስ ነገር ሲመጣ በመጀመሪያ አንድ ላፕቶፕ ብቻ ይታደስ። እርሱ አንድ ሳምንት ሠርቶ ጤንነቱ ሲታወቅ ሰባቱ ይከተሉ። ዐርብ ማታ ሊዘጋ ሲል፣ ወይም ፈተና ሲቀርብ፣ ማደስ አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ አዲሱ ከርነል በሚገባ ሳይፈተን አሮጌው ከርነል አይነቀል። መመለሻ መንገዳችን እርሱ ነውና።

ሦስተኛ፣ ምን እንደሚሠራ ያላወቁትን ጥቅል መንቀል ክልክል ይሁን። ይህ ክልከላ ከሁሉ አስቀድሞ ለእኔ ነው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል እንዲሉ፣ መሣሪያውን የቀደደው የእኔ አያያዝ ነበር።

አራተኛ፣ በላቦራቶሪው ውስጥ አንድ ደብተር ይቀመጥ። የታደሰው፣ የተተከለውና የተነቀለው ከነቀኑ፣ ከነምክንያቱም ይጻፍበት። መሣሪያው የሚጽፈው መዝገብ ምን እንደ ተደረገ ይነግረናል እንጂ ለምን እንደ ተደረገ አይነግረንም። እኔ በጥቅምት ወር «ዲስኩ ስለ ሞላ ይህን ነቀልሁ» ብዬ ጽፌ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ልጅ አንድ ቀን እንኳ ባልተወቀሰ ነበር።

አንዳንዶች «ይህ ሁሉ ለስምንት አሮጌ ላፕቶፖች ነውን?» ይሉኝ ይሆናል። አዎን፣ ለእነርሱ ነው። ነገር ግን ከእኛ መካከል ነገ በሐኪም ቤት፣ በባንክ፣ በአውሮፕላን ማረፊያና በቴሌ የሚሠሩ ይኖራሉ። በዚያም መሣሪያ ይበላሻል፤ በዚያም ከሁሉ ያነሰው ሠራተኛ ተረኛ ሆኖ የሚገኝበት ሌሊት ይኖራል። በዚያች ሌሊት ምን ብለን እንደምንጠይቅ የምንማረው ዛሬ በዚህ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው።

በመጨረሻም፣ ወቀሳው በሁሉ ፊት ስለ ነበር ይቅርታውም በሁሉ ፊት ሊሆን ይገባዋል ብዬ ይህን እጽፋለሁ። የ9ኛ ክፍል ወንድሜ ሆይ፣ ስምህን ባልጠራውም አንተ ራስህን ታውቃለህ። ጠይቀኸን ፈቀድንልህ፤ የታዘዝኸውን በትክክል ሠራህ፤ የእኔን ጥፋት ግን አንተ ተሸከምህ። ይቅር በለኝ። በተረኞች መዝገብ ላይ ስምህ እንደ ገና እንዲጻፍ ጋሼን ለምኛቸው እሺ ብለውኛል። ስምንቱ ላፕቶፖች ዛሬም በቦታቸው አሉ፤ የሚታደስ ነገርም መጥቶአል። የመጀመሪያውን ላፕቶፕ አብረን እንድናድሰው እጠብቅሃለሁ።